በሰው አገር ለመኖር ፈቃድ መጠየቅ

(በሬዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር)

በአገራችን ባላገር ዘንድ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፥ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ መጣራት የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፥ ከእራቱ ያካፍለዋል፥ ከምድጃው አጠገብ መኝታ ያነጥፍለታል። ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው እንኳ እንግዳው በልቶ ካረፈ በኋላ ነው። ለአንድ ሌሊት እንግድነት ምስክርም፥ ዋስም፥ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አያስፈልግም።

ነገር ግን ያ እንግዳ በማግሥቱ ጧት ስንቁን ይዞ መንገዱን በመቀጠል ፈንታ፥ «እኔ ከዚሁ ልቀመጥ፤ ከዚሁ ሠርቼ ልደር፥ ልጆቼንም ከዚሁ ላሳድግ» ቢል ነገሩ ይለወጣል። አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ቀን ብር፥ በሦስተኛው ቀን ብረት ነው ማለታቸው፥ አንድ ሌሊት ማሳደርና ዕድሜ ልክ አብሮ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ስለ ተረዱ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ይኸውም ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር በቋሚነት ለመኖር ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዐት ከወዴት እንደ ተነሣ፥ እንዴት ከቃል ወደ ጽሑፍ እንደ ተለወጠ፥ ከኛም ወገኖች ኑሮ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ ለማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት የአቴና ከተማ በንግድና በጥበብ ስለ ገነነች ከልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰዎች ወደርስዋ ይጎርፉ ነበር። ከተማይቱም እነዚህን ሰዎች «ሜቶይኮስ» ብላ ሰየመቻቸው። ሜቶይኮስ የሆነ ሰው ከከተማይቱ ዜጎች መካከል ዋስና ጠበቃ የሚሆነውን ማቅረብና በሚኖርበት ሰፈር መመዝገብ ነበረበት። በየዓመቱም ወንዱ 12 ድራክማ፥ ለብቻዋ የምትኖር ሴት 6 ድራክማ ግብር ይከፍሉ ነበር። ጦርነት ሲነሣ ወንዱ ከዜጎቹ ጋር ይሰለፋል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ግን መሬት ለመግዛት፥ በሸንጎም ድምፅ ለመስጠት አይችልም ነበር፤ ግብሩን ሳይከፍል የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ለባርነት እስከ መሸጥ ይደርስ ነበር። ፈላስፋው አርስቶትል በስጣጊራ የተወለደ ስለ ነበረ፥ በአቴና ትምህርት ቤቱን ባቆመ ጊዜ የዚህ ዐይነት ነዋሪ ነበር እንጂ ዜጋ አልነበረም። ስንት ትውልድ ያስተማረው ሊቅ የሚያስተምርበትን ቦታ በስሙ ለመግዛት መብት አልነበረውም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደራሳችን አገር እንመለስ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ በ615 ዓ.ም. ገደማ በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የመካ ሹማምንትም ሁለት መልእክተኞች ብዙ ስጦታ አስይዘው በስተኋላቸው ላኩ፤ ስደተኞቹ ተይዘው እንዲሰጡአቸው ለመኑ። ንጉሡ ግን የነዚያን ቃል ሳልሰማ አልፈርድም ብሎ ስደተኞቹን አስጠራቸው። ስለ ሁሉም ጃዕፈር ኢብን አቡጣሊብ ተነሥቶ የመጡበትን ምክንያትና የሚያምኑትን ሃይማኖት አስረዳ። ንጉሡ ከሰማ በኋላ ስጦታውን መለሰ፤ እንግዶቹም በአገሩ በሰላም እንዲቀመጡ ፈቀደ። ከነርሱም አንዳንዶቹ እስከ 628 ዓ.ም. ድረስ ከዚሁ ኖረዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ማስተያየት ይጠቅማል። በአቴና እንግዳውን የሚያኖረው ዋሱና ግብሩ ነበር፤ በአክሱም ያኖረው በንጉሥ ፊት የተናገረው ቃልና የንጉሡ ፍርድ ነበር። በሁለቱም አገር ግን ጉዳዩ ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ የሚጨርሰው ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን የሕዝቡ ቍጥር ሲበዛ፥ መርከቡም ባቡሩም ሲፈጥን፥ መንግሥታት የእንግዳውን ፊት ማየት ትተው ወረቀቱን ማየት ጀመሩ። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ ደረሰ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ታሪክ ስለ ሆነ፥ ከዚሁ ላይ ጥቂት እንቈይ።

አሜሪካ መንግሥትዋን ባቆመችበት ዘመን ወደ አገሪቱ ገብቶ ለመኖር የሚጠየቅ ፈቃድ አልነበረም ለማለት ይቻላል። መርከብ የጫነውና ወደብ የደረሰ ሰው ነዋሪ ነበር። ሕግ የሚያስፈልገው ለዜግነት ብቻ ነበር። በ1790 የወጣው ሕግ ዜግነትን ሁለት ዓመት ለኖረ «ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ ፈቀደ፤ በ1795 ዘመኑ 5 ዓመት ሆነ፤ በ1798 ወደ 14 ዓመት ከፍ ካለ በኋላ በ1802 እንደ ገና ወደ 5 ዓመት ተመለሰ። የአፍሪካ ተወላጆች በዚህ ሕግ ዜጋ ለመሆን የተፈቀደላቸው በ1870 ነው። እንግዲህ በሩ ክፍት ነበር ቢባልም ለሁሉ እኩል አልነበረም። በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጣና በሩ በዘር መዘጋት ጀመረ።

በ1892 በኒው ዮርክ ወደብ ፊት በኤሊስ ደሴት ላይ የስደተኞች መቀበያ ተከፈተ። እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚያ አልፈዋል። መጻተኛው ከመርከብ ሲወርድ ሐኪም ዐይኑንና ደረቱን ይመረምራል፤ ከዚያም መዝገብ የያዘው ሹም ስሙን፥ ሥራውን፥ በኪሱ ያለውን ገንዘብ፥ ወደማን እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። ብዙ ሰዎች ስማችን የተለወጠው በዚያ ደሴት ነው ብለው ይተርካሉ። ሹሞቹ ግን ስም አይፈጥሩም ነበር፤ መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተጽፎ የመጣውን መዝገብ ያነቡ ነበር እንጂ። ከ1917 ጀምሮም ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ 30 ወይም 40 ቃል ያህል ማንበብ እንዲችል ተጠየቀ። ማንበብ የማይችል ብርቱ ገበሬ ከባሕሩ ዳር ይመለስ ጀመር ማለት ነው።

ትልቁ መዝጊያ የወረደው በ1924 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር በዓመት የሚገባውን ሰው ቍጥር ወሰነ። ለጀርመን 51,227 ሰው ሲመደብ፥ ለኢትዮጵያ የተመደበው ከሁሉ ያነሰው ቍጥር፥ ይኸውም 100 ሰው ነበር። ለብዙዎቹ የእስያ ሕዝቦች ደግሞ በሩ ፈጽሞ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚጠየቀው ከወደብ መሆኑ ቀርቶ፥ ሰው ከአገሩ ሳይነሣ ከቆንስላ ቪዛ ማግኘት ግድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ አንድ ያልታሰበ ችግር ብቅ አለ። ሕጉ ከመጥበቁ በፊት የገቡ፥ ትዳር የመሠረቱና ልጅ የወለዱ፥ ነገር ግን መግባታቸውን የሚያስረዳ መዝገብ ያልተገኘላቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ። ሃያ ዓመት በአንድ መንደር የኖረውን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ መንግሥት ግን አያውቀውም። ይህን ለማቃናት በመጋቢት ወር 1929 አንድ ሕግ ወጣ። ከሰኔ 3 ቀን 1921 በፊት የገባ፥ ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጥ የኖረ፥ ጠባዩም መልካም የሆነ ሰው 20 ዶላር ከፍሎ በቋሚ ነዋሪነት እንዲመዘገብ ተፈቀደለት። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የኛ ተረት በባሕር ማዶ እውነት ሆኖ ተገኘ። የመግቢያው ቀን ገደብ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ወደፊት ይገፋ ነበር፤ በ1986 የተወሰነው ግን ጥር 1 ቀን 1972 ላይ ቆመ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ ቀርቷል።

ሌላም አስገራሚ ሥርዐት ነበር። ከአሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ሲፈልግ፥ ሕጉ ቪዛ የሚሰጠው ከውጭ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከአገሩ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ከ1935 ጀምሮ ሰውየው አስቀድሞ በውስጥ ይመረመርና ወደ ካናዳ ተሻግሮ፥ ከአሜሪካ ቆንስላ ቪዛውን ተቀብሎ፥ ወደ ቤቱ እንደ አዲስ መጻተኛ ይመለስ ነበር። ለዓመታት ከኖረበት ቤት ወጥቶ በዚያው በር እንደ እንግዳ መግባት ማለት ነው። በ1952 የወጣው ሕግ ይህን አስቀርቶ፥ በሕግ ገብቶ በውስጥ ያለ ሰው ከዚያው ሳይወጣ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ፈቀደ።

አሁን ደግሞ በዓለም ሁሉ ስሙ ስለ ታወቀው ስለ «ግሪን ካርድ» እንናገር። በ1940 አውሮፓ በጦርነት እሳት ስትነድ የአሜሪካ መንግሥት በአገሩ ያሉትን የውጭ አገር ሰዎች ለመቈጣጠር አሰበ። ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ማናቸውም የባዕድ አገር ሰው ስሙን እንዲያስመዘግብና የጣቱን አሻራ እንዲሰጥ ታዘዘ። ምዝገባው ከነሐሴ 27 ቀን 1940 ጀምሮ በየፖስታ ቤቱ ተካሄደ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። ለተመዘገበው ሁሉ አንዲት ደረሰኝ ትሰጠው ነበር፤ ይህችም ደረሰኝ በሕግ የገባውን ካልገባው አትለይም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን በቋሚነት ለሚኖሩት ብቻ የተለየ ካርድ ይሰጣቸው ጀመር፤ ከ1950ም ወዲህ ነባሮቹ አሮጌውን ደረሰኝ በአዲሱ ካርድ ለወጡ። የካርዱ ቀለም አረንጓዴ ስለ ነበረ ሕዝቡ «አረንጓዴ ካርድ» አለው። በ1964 ቀለሙ ተለውጦ ልዩ ልዩ መልክ ሲይዝ ኖረ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም፤ በ2010 እንደ ገና ወደ አረንጓዴነት ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ካርድ አወላለድ ልብ በል። መጀመሪያ የታሰበው እንግዳውን ለመጠበቅ ነበር፤ ኋላ ግን እንግዳው ራሱ የሚጠበቅበት ጋሻ ሆነ። አሠሪው ሲጠይቀው፥ የወደቡ ሹም ሲያስቆመው፥ ኪሱ ውስጥ ያለው ካርድ ይናገርለታል። የተጻፈ ሰው በዐይን ሥር ያለ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ሰው ማንም ሊክደው ይችላል። በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ታሪክ ውስጥ ይህ ሁለት ወገን ያለው ነገር ከቶ ተለያይቶ አያውቅም።

የኛ ወገኖች ወደዚህ ታሪክ በብዛት የገቡት ዘግይተው ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ግርጌ ተቀምጠው በፈረሙት ሕግ በዘር የተመደበው ኮታ ተሻረ። እስከ 1974 ድረስ ግን ወደ አሜሪካ ይሄዱ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው መመለስ ልማዳቸው ነበር፤ ዲግሪውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት የማይመለስ ሰው እምብዛም አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ ግን መመለስ ለብዙዎች አስፈሪ ሆነ፤ ሌሎችም በእግራቸው በረሃ አቋርጠው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። መጋቢት 17 ቀን 1980 የጸናው የስደተኞች ሕግ ለነዚህ ሰዎች መንገድ ከፈተ። ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን እንዲያመለክት ተፈቀደለት። ከአገሪቱ ውስጥ ሆነው ጥገኝነት የጠየቁት ግን በዓመት የሚፈቀድላቸው ቍጥር በመጀመሪያ 5,000፥ ከ1990 ወዲህ ደግሞ 10,000 ብቻ ስለ ነበረ፥ ይህ ገደብ በ2005 እስኪነሣ ድረስ ብዙዎች ዓመታት ሙሉ ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከዚህም ሌላ በ1986 የወጣው ሕግ ከ1982 በፊት ጀምረው ያለፈቃድ ለኖሩት ምሕረት አደረገ። በ1990 የተደነገገውና ከ1995 ጀምሮ የተሠራበት፥ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ በዕጣ የሚያድለው ሕግ ደግሞ «ዲቪ» ተብሎ በአዲስ አበባ መንደሮች ሁሉ ታወቀ። «ዲቪ ደረሰው» የሚለው ቃል የሠርግን ያህል እልልታ የሚያሰማ፥ የለቅሶንም ያህል እናት የሚያስለቅስ ሆነ።

ኢትዮጵያዊው አመልካች ቅጹን ከፊቱ ባስቀመጠ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ግን ከሌላው የተለየ ነበር። የመጀመሪያው የልደት ቀን ነው። በመላው አገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዐት የተጀመረው በ2016 ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው የተወለደበትን ዘመን የሚያውቀው በዘመቻ፥ በድርቅ ወይም በሚካኤል ክብረ በዓል ማግሥት እየተባለ ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኛ ዓመት ከነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፥ አንዱ ወረቀት በኛ፥ ሌላው በነርሱ ተጽፎ ሲገኝ አንድ ሰው ሁለት ዕድሜ ያለው ይመስላል። ሦስተኛው የስም ነገር ነው። ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ በኛ ዘንድ ግን አባት በአባቱ ስም፥ ልጅ በአባቱ ስም፥ ሚስትም በራስዋ አባት ስም ትጠራለች። ስለዚህ በአንድ ማዕድ የሚበሉ ባልና ሚስት ልጃቸውም ጭምር ሦስት የተለያየ የቤተ ሰብ ስም ይዘው ይቀርባሉ፤ ዝምድናቸውንም ማስረዳት ግድ ይሆንባቸዋል።

እዚህ ላይ ግን የሚያጽናና ነገር አለ። የልደት መዝገብ እንዳልተገኘ ሲረጋገጥ፥ መወለዱን የሚያውቁ ሰዎች ምለው የሰጡትን የጽሑፍ ምስክርነት የዚያ አገር ሕግ እንደ ማስረጃ አድርጎ ይመለከታል። በዚህ ምክንያት አንዲት ፊደል ያልቈጠሩ አክስት፥ «በእጄ ተቀብያለሁ፤ ክርስትናውም ሲነሣ ነበርሁ» ብለው ያስጻፉት ቃል በጣታቸው አሻራ ታትሞ ባሕር ይሻገራል። በቃል የኖረው የአባቶቻችን ምስክርነት በወረቀት ላይ ወጥቶ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

ቃሉ እውነት መሆን ግን አለበት። አውቆ በማመልከቻው ላይ ሐሰት የተናገረ ሰው መግባት ሊከለከል፥ ከገባም በኋላ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። የተጻፈ ነገር አይረሳምና፥ አንድ ወጣት ነገሩ ይቅለልልኝ ብሎ የጨመረው ወይም የደበቀው ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ልጆች ወልዶ፥ ዜግነት ሊጠይቅ በቀረበበት ቀን፥ ከመዝገብ ወጥቶ ይፋረደዋል። በመንደር የተነገረ ውሸት ከተናጋሪው ጋር ሊቀበር ይችላል፤ በመዝገብ የተጻፈው ግን ባለቤቱን ይከተላል።

ፈቃዱን ያገኘ ሰው ምን ያገኛል? በአገሪቱ በሙሉ የመኖርና የመሥራት መብት ያገኛል፤ 5 ዓመት ከኖረ በኋላም፥ የዜጋ ባል ወይም ሚስት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ3 ዓመት በኋላ፥ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ለመንግሥቱ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ ከባድ ወንጀል የሠራ እንደ ሆነ ሊባረር ይችላል፤ ያለፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአገሩ ርቆ የቈየ እንደ ሆነ መኖሪያውን እንደ ተወ ሊቈጠርበት ይችላል። ስለዚህ የታመመች እናቱን ሊያስታምም ወደ አገሩ የመጣ ሰው፥ በአንድ ዐይኑ የእናቱን ፊት፥ በሌላው የቀን መቍጠሪያውን ሲመለከት ይቈያል። ቋሚ የሚባለው ፈቃድ የሚጸናው ባለቤቱ ከዚያው ሲቀመጥ ነው። በአቴና ዘመን የነበረው የሜቶይኮስ ኑሮ መልኩን ለውጦ እንጂ ፈጽሞ ጠፍቶ አይደለም።

የኛም አገር ከዚህ ጥያቄ ውጭ ሆና አታውቅም። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጡአቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በአዲስ አበባ ሙዚቃ እየነፉ አድገዋል። በ1930 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግም የውጭ አገር ሰው ዜጋ ለመሆን ሲጠይቅ ቢያንስ 5 ዓመት በአገሩ መኖር፥ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ መያዝ፥ አማርኛም መናገርና መጻፍ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። እንግዳ ሆነን የተጠየቅነውን፥ አስተናጋጅ በነበርንበት ጊዜ እኛም ጠይቀናል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የጉዞው መጨረሻ ነው። በ2003 በወጣው አዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። እንደዚህ ያለው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ተወለደበት አገር ሲመለስ በሕግ ዐይን የውጭ አገር ሰው ነው። በ2002 የወጣው ሌላ አዋጅ ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ይህን የያዘ ሰው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲገባና እንዲቀመጥ፥ እንዲሠራም ተፈቀደለት፤ መምረጥና መመረጥ ግን አልተፈቀደለትም። ሕዝቡ ይህን መታወቂያ በቀለሙ «ቢጫ ካርድ» ብሎ ጠራው። እንግዲህ በባሕር ማዶ አረንጓዴውን ለማግኘት የተሰለፈው ሰው፥ በስተርጅናው በእናቱ አገር ቢጫውን ለማግኘት ይሰለፋል ማለት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህን ነው። ሕግ በሩን በአንዱ ዘመን ይከፍታል፥ በሌላው ዘመን ይዘጋል፤ በዚህ ላይ የእንግዳው ሥልጣን ጥቂት ነው። በእጁ ያለው እውነተኛ ቃሉና ያንን ቃል የሚያጸናለት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ልጅ የተወለደበትን ቀን፥ የጋብቻን ቀን፥ የሞተውንም ሰው ስም የምንጽፍ እንሁን፤ ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ወረቀት ነገ በሩቅ አገር የሰውን ዕድሜ ሙሉ የሚያቀና ይሆናልና። ደግሞም ከደጃችን የመሸበት እንግዳ ሲጣራ፥ ከወገኖቻችን ስንቱ በዚህች ሰዓት በሰው ደጅ ቆሞ ፈቃድ እንደሚጠብቅ እናስብ።